ከባንዱ የወጣ ሰው ምን ይዞ ይወጣል?

በ2013 አንድ አሜሪካዊ የሮክ ወዳጅ ሲዲ ቤት ቢገባ ግራ መጋባቱ አይቀርም ነበር። በኤፕሪል "ኩዊንስራይክ" የሚባለው የሲያትል አካባቢ ባንድ አዲስ አልበም አወጣ። በጁን ደግሞ "ኩዊንስራይክ" ሌላ አዲስ አልበም አወጣ። የመጀመሪያው ላይ የሚዘፍነው ሰው ሁለተኛው ላይ የለም። ሁለተኛው ላይ ጊታር የሚጫወተው ሰው የመጀመሪያው ላይ የለም። ስሙ ግን ፊደል በፊደል አንድ ነው። አንዳቸውም አስመሳይ አልነበሩም። ሁለቱም ፍርድ ቤት እያወቃቸው ነው የሸጡት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሮክ ዜና የሚከታተል ሰው "የቀድሞው የእገሌ ባንድ ጊታሪስት አዲስ አልበም ለቀቀ" የሚል ወሬ አያጣም። ሰውዬው ሰባ ዓመት ሞልቶታል ወይም አልፎታል። ባንዱን ከለቀቀ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የገዛ ስሙ ሲጠራ ግን አሁንም የድሮ ባንዱ ስም ከፊት ይቀድማል። አዲሱ ባንዱም ብዙ ጊዜ የድሮውን የሚያስታውስ፣ ግን ያልሆነ ስም አለው። ለምን እንዲህ ይሆናል? ከባንድ የወጣ ሰው ምን ይዞ ይወጣል? ምንስ ጥሎ ይሄዳል? ባጭሩ እንደ ፍቺ ነው። ቤቱ ለአንዱ፣ መኪናው ለሌላው ይደርሳል፤ ስሙ ላይ ሲደረስ ጠብ ይነሣል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

እኛ ጋ ካሴት ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነው። ባንዱ ያጀባል፣ ስሙም ከታች በትንሹ ይገባል። በሮክ ተገላቢጦሽ ነው። ሰው የሚያውቀው የባንዱን ስም ነው። የባሲስቱን ስም የሚያውቅ ቀንደኛው አፍቃሪ ብቻ ነው። አዳራሽ የሚሞላው፣ ቲሸርት የሚያሸጠው፣ የኮንሰርት አዘጋጅ ስልክ እንዲያነሣ የሚያደርገው ስሙ ነው። ስለዚህ ስም ራሱን የቻለ ንብረት ሆነ። ዘፈኑ ሌላ ንብረት ነው። የተቀዳው ድምፅ ደግሞ ሌላ። እነዚህን ሦስቱን መለየት ከቻልን ግማሹ ጣጣ ይገባናል።

ከዘፈኑ እንጀምር። ግጥምና ዜማውን የጻፈ ሰው የደራሲነት መብት አለው። ይህ መብት ከባንድ አባልነት ጋር አይያያዝም። በሰላም ብትወጣም ብትባረርም፣ መብትህን ካልሸጥከው በቀር ዘፈንህ በተሰማ ቁጥር ድርሻህ ይደርስሃል። ከበሮውን እንደ መብረቅ የመታው ሰውዬ ግን በድርሰቱ ላይ ስሙ ካልሰፈረ ከዚህ ገንዘብ አምስት ሳንቲም አያይም። ለዚህ ነው ብዙ ባንዶች "ይህን ዘፈን ማን ጻፈው" በሚል ጥያቄ ሆድና ጀርባ የሚሆኑት። በሃያ ዓመታቸው ጋራዥ ውስጥ እየተለማመዱ ማን ምን እንዳዋጣ የመዘገበ የለም። በሃምሳ ዓመታቸው ግን ሁሉም በደንብ ያስታውሳል፤ እያንዳንዱ የየራሱን።

ሁለተኛው ቅጂው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ያ ድምፅ ራሱ ማለት ነው። የድሮዎቹ ባንዶች ቅጂ በአብዛኛው የሪከርድ ኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ተጫዋቾቹ በውላቸው መሠረት መቶኛ ይታሰብላቸዋል።

የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ለማየት ከኤስ ፍሬሊ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኤስ የ"ኪስ" መሥራች ጊታሪስት ነው፤ ያ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ እሳት እየተፉ ይጫወቱ የነበሩት የኒው ዮርክ ባንድ። በሴፕቴምበር 18፣ 1978 አራቱም አባላት በአንድ ቀን አራት የግል አልበም አወጡ። ድፍረት ነው። ከአራቱ መካከል ትልቁን ተወዳጅ ዘፈን ያገኘው ኤስ ነበር፤ "ኒው ዮርክ ግሩቭ" የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ 13ኛ ደረሰ። ዘፈኑን የጻፈው ግን ራስ ባላርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የአሜሪካ ኤኤምና ኤፍኤም ሬድዮ ደግሞ ለደራሲው እንጂ ለተጫዋቹ አይከፍልም። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ያ ዘፈን ከእነዚህ ጣቢያዎች በአንዱ በተለቀቀ ቁጥር ገንዘቡ ለባላርድ ወገን ይሄዳል። ሰው ሁሉ ዘፈኑን "የኤስ ዘፈን" እያለ ቢጠራውም፣ ኤስ ከዚያ የሬድዮ ክፍያ ምንም አልነበረውም።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "ከባንዱ ከወጣ እንዴት የባንዱን ዘፈን መድረክ ላይ ይጫወታል? አይከሱትም?" ይባላል። አይከሱትም። መድረክ ላይ ማንም የማንንም ዘፈን መጫወት ይችላል። አዳራሹ ወይም አዘጋጁ ለደራሲዎች መብት ሰብሳቢ ድርጅቶች ይከፍላል፤ በአሜሪካ እነ አስካፕና ቢኤምአይ ናቸው፣ በእንግሊዝ ፒአርኤስ። እነሱም ለደራሲው ያደርሳሉ። እንደገና ቀድቶ መሸጥም ይቻላል። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ ሌላ ሰው በራሱ ድምፅ ሊቀዳው ይችላል፤ የተወሰነውን ተመን መክፈል ነው። ተመኑ በ2025 ለአንድ አጭር ዘፈን በአንድ ቅጂ 12.7 ሳንቲም ነበር። የተባረረ ድምፃዊ የድሮዎቹን ዘፈኖች "አዲስ ቅጂ" እያለ በአልበሙ መጨረሻ ላይ የሚደረድረው በዚህ በር ገብቶ ነው። የድሮውን ቅጂ መንካት አይችልም። የድሮውን ዘፈን ግን በአዲስ ጉሮሮ መዝፈን ይችላል።

ሦስተኛው፣ እሳቱ ያለበት፣ ስሙ ነው። ስም የንግድ ምልክት ነው። የንግድ ምልክት ሕግ የተሠራው ሸማች እንዳይታለል ነው፤ ለስላሳ ጠርሙስ ላይ ያለው ስምና ውስጡ ያለው መጠጥ እንዲገጥም። የባንድ ስም ላይ ሲመጣ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መጠጥ ማን ነው? ድምፃዊው ነው? ዘፈኖቹን የጻፈው ነው? ወይስ ወረቀቱን የፈረመው?

ወደ ኩዊንስራይክ እንመለስ። ይህ ባንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን ስቴት፣ ቤልቪው ውስጥ ነው የተመሠረተው። በ1988 "ኦፕሬሽን፦ ማይንድክራይም" የሚባል፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ የሚተርክ አልበም አወጣ። በ1990 ያወጣው "ኤምፓየር" ደግሞ በአሜሪካ የሦስት ሚሊዮን ቅጂ ሽልማት አግኝቷል። የዚያን አልበም ትልቁን ዘፈን የጻፈው ጊታሪስት ክሪስ ዴጋርሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባንዱን ተሰናብቶ ሄደ፤ በኋላም ፓይለት ሆነ። ዝም ብሎ አውሮፕላን ያበራል። ከሁሉም ብልጡ እሱ ይመስለኛል።

የቀሩት ነባር አባላት አራት ናቸው። ድምፃዊው ጄፍ ቴት፣ ጊታሪስቱ ማይክል ዊልተን፣ ባሲስቱ ኤዲ ጃክሰን፣ ከበሮ መቺው ስኮት ሮክንፊልድ። በባንዱ ኩባንያ ውስጥ የአራቱም ድርሻ እኩል ነበር። ማኔጀሯ ደግሞ የቴት ሚስት ነበሩ። ቤተሰብና ሥራ ሲደባለቅ ምን እንደሚመጣ ለሐበሻ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በ2012 ሦስቱ ተስማምተው ማኔጀሯን አሰናበቱ። በኤፕሪል፣ ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ውስጥ፣ ቴትና የባንዱ ሰዎች ኮንሰርት ላይ ተጋጩ። ጉዳዩ በኋላ ፍርድ ቤት ሲደርስ የዚያን ምሽት ታሪክ በሁለቱም ወገን በመሐላ ቃል ተጽፎ ቀረበ፤ ማን ማንን ገፋ፣ ማን ማን ላይ ተፋ የሚለው ሳይቀር። የሚሊዮኖች ባንድ ነገር የሰፈር ጠብ ሆኖ ፋይል ውስጥ ገባ። በጁን ሦስቱ ቴትን አባረሩት። ቶድ ላ ቶሬ የሚባል ድምፃዊ ቦታውን ያዘ። ቴትና ባለቤቱ ከሰሱ።

ቴት ፍርድ ቤቱን የጠየቀው ግልጽ ነበር። "ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ስሙን እንዳይጠቀሙ አግዱልኝ" ነው ያለው። ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2012 አላግድም አለ። ግን ቴትንም አልከለከለውም። ድርሻው እንደ እነሱ እኩል ነው፤ እነሱ ከተጠቀሙበት እሱ የማይጠቀምበት ምክንያት አልታየም። ውጤቱ ያ መጀመሪያ ላይ ያየነው ነው። ሁለት ኩዊንስራይክ።

ቴት ቸኮለ። አዳዲስ ተጫዋቾች አሰባስቦ በኤፕሪል 2013 ቀድሞ አወጣ። የአልበሙ ርእስ ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ በእንግሊዝኛ ስድብ ይሆናሉ። ሽፋኑ ላይም የተጨበጠ ቡጢ፣ ጣቶቹ ላይ እነዚያው ሁለት ፊደሎች ያሉባቸው ቀለበቶች አሉ። ለማን እንደተላከ ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። መጨረሻው ላይ አራት የድሮ ዘፈኖችን እንደገና ቀድቶ አክሎበታል፤ ቅድም ያልነው በር ማለት ነው። የድምፅ ቅንብሩ ስለተተቸ አሳታሚው እንደገና እስከማስቀናበር ደረሰ። አልበሙ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 82ኛ ላይ ገባ። የሦስቱ አልበም ከሁለት ወር በኋላ መጥቶ 23ኛ ላይ ገባ። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። በጉሮሮው የሚታወቀው ሰውዬ ያለበት አልበም ኩዊንስራይክን አይመስልም፤ አዲስ ድምፃዊ ያለበት ግን ይመስላል። ይህ ለብዙ ድምፃውያን ደስ የማይል ዜና ነው።

በኤፕሪል 2014 ታረቁ፤ እርቅ ሳይሆን ክፍፍል ነው እንጂ። ስሙ ለሦስቱ ሆነ። ቴት እስከ ኦገስት መጨረሻ በስሙ ተጫውቶ እንዲያቆም ተስማማ። በምላሹ አንድ ለየት ያለ ነገር ተሰጠው። "ኦፕሬሽን፦ ማይንድክራይም"ንና በኋላ የወጣውን ተከታዩን ክፍል መድረክ ላይ ከዳር እስከ ዳር የመጫወት መብት የእሱ ብቻ ሆነ። ይህን የሚሰጥ የቅጂ መብት ሕግ የለም። በውል የፈጠሩት ነገር ነው። አንዱ ወንድም ቤቱን፣ ሌላው የጓሮውን ዋርካ እንደሚወስድበት ውርስ በሉት። ቴትም አዲሱን ባንዱን በዚያው አልበም ስም ሰየመውና በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ሦስት አልበም አወጣበት። ስሙን አብሮ የታገለለት ከበሮ መቺ ሮክንፊልድ ደግሞ በ2021 በተራው ዊልተንንና ጃክሰንን ከሰሰ።

የስም ነገር ከዚህም ሊገርም ይችላል። በ2006 በ1980ዎቹ መጀመሪያ "ብላክ ሳባዝ" ውስጥ አብረው የተጫወቱ አራት ሰዎች እንደገና ተሰባሰቡ፤ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ ድምፃዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮ እና ሁለት ጓዶቻቸው። ያው ሰዎች፣ ያው ዘፈን፣ ያው ድምፅ። ግን "ሄቨን ኤንድ ሄል" ተብለው ነው የወጡት፤ በ2009ም በዚያው ስም አዲስ አልበም አሳተሙ። ብላክ ሳባዝ ሲባል ሕዝቡ የመጀመሪያውን ድምፃዊ ኦዚ ኦዝቦርንን ስለሚጠብቅ ነው። ኦዚ በ1979 ከባንዱ ተባርሮ ነበር፤ ያም ሆኖ ስሙ ላይ ያለው ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ተጎትቶ በ2009 አዮሚን ከሰሰው። በ2010 ከፍርድ ቤት ውጭ ጨረሱት። ከዚያም አብረው አልበም ሠሩ። ፈረንጅ ተካሶ ቡና ይጠጣል።

"ኪስ" ባንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ፊት ድረስ ደረሰ። ኤስ ፍሬሊ መጀመሪያ በ1982 ወጣ፣ በ1996 ለዳግም ቱር (ከከተማ ከተማ እየዞሩ ለሚያቀርቡት ኮንሰርት) ተመለሰ፣ በ2002 እንደገና ወጣ። ቦታውን የያዘው ቶሚ ቴየር ጊታሩን ብቻ አልተካም። የኤስን የብር ቀለም፣ ዓይን ላይ ያለውን ኮከብ፣ ሙሉውን "የጠፈር ሰው" መልክ ተቀብቶ ነው የተጫወተው፤ እስከ ዲሴምበር 2፣ 2023 የመጨረሻ ኮንሰርት ድረስ። ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ በኤስ ከተማ፣ የኤስ ፊት መድረክ ላይ ነበር። ኤስ አልነበረም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ በ72 ዓመቱ፣ አዲስ አልበም አወጣ። ከኪስ ሰዎች በገዛ ስሙ አልበም አውጥቶ መጀመሪያ የአሜሪካ ምርጥ አሥር ውስጥ የገባውም እሱ ነው፤ በ2014፣ 9ኛ። በኦክቶበር 2025 በ74 ዓመቱ አረፈ።

እሺ፣ ለምን አዲስ ሙዚቃ ያወጣሉ? ገንዘቡ የት አለና? ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ሲሰማ የሚያስገኘው ከአንድ ሳንቲም ክፍልፋይ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ምንም አይታሰብለትም። አልበም ሸጦ ሀብታም መሆን ለእነዚህ ሽማግሌዎች ቀርቷል። ግን አዲስ አልበም የሌለው የድሮ ሮከር ለኮንሰርት አዘጋጅ የሚነግረው ዜና የለውም። ቃለ መጠይቅ የሚጠይቀው የለም። አልበሙ የጥሪ ካርድ ነው፤ ሰርጉ ቱሩ ነው። ቲሸርቱ የሚሸጠው እዚያ ነው፤ በረንዳ ላይ ፊርማ የሚፈረመው እዚያ ነው።

ጥሪውን የሚያትሙ ደግሞ አሉ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ በ1996 ጣሊያን ኔፕልስ ውስጥ ሴራፊኖ ፔሩጂኖ የሚባል ሰው "ፍሮንቲየርስ" የተባለ አሳታሚ አቋቋመ። ዛሬ የድሮ ሃርድ ሮክ ስሞች ዋና መጠጊያ ነው። የጄፍ ቴትን ሦስት አልበሞች ያወጣውም እሱ ነው። አሠራሩ ለየት ይላል። አንዳንድ ጊዜ ከሦስት የተለያዩ ባንዶች የወጡ ሰዎችን ራሱ አሳታሚው ያጋጥማቸዋል። እነ አሌሳንድሮ ዴል ቬኪዮን የመሳሰሉ የቤቱ ፕሮዲውሰሮች ዘፈኑን ይጽፋሉ፣ ሙዚቃውን ያዘጋጃሉ። ድምፃዊው ካሊፎርኒያ ቤቱ ተቀምጦ ድምፁን ቀድቶ በኢንተርኔት ይልካል። አባላቱ በአካል ሳይገናኙ አልበም የሚወጣበት ጊዜ አለ። ባንድ ነው ለማለት ይቸግራል። ግን በዚህ መንገድ የተሠራ ጥሩ ዘፈን አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ።

ሁሉም ግን ለእንጀራ አይመስለኝም። ስቲቭ ፔሪ ለብቻው ይቀመጥ። የ"ጆርኒ" ድምፃዊ የነበረው ፔሪ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዳሌው ታመመ። ባንዱ ቱር መውጣት ፈለገ፤ እሱ ቀዶ ሕክምናውን አዘገየ፤ ተለያዩ። ባንዱ ከጊዜ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ያገኘውን ፊሊፒናዊ ድምፃዊ አርኔል ፒኔዳን ቀጠረ። ፔሪ ግን ከሙዚቃው ጠፋ። ቀጥሎ ያፈቀራት ሴት በካንሰር በ2012 አረፈች። ወደ ብቸኝነትህ እንዳትመለስ ብላ ቃል አስገብታው ነበር። በኦክቶበር 2018፣ ከመጨረሻው የግል አልበሙ ሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አልበም አወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ 6ኛ ደረጃ ላይ ገባ። የጆርኒን ስም አልነካም፤ ስሙን ብቻ ጻፈ። ያም ሆኖ ከጣጣው አላመለጠም። የቀድሞ ጓዶቹ የታወቁ ዘፈኖቻቸውን ርእስ ለቲሸርትና ለመሳሰለው በንግድ ምልክትነት ማስመዝገባቸውን ተቃውሞ በ2022 ለአሜሪካ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት አቤት አለ። በጃንዋሪ 2023 ትቶታል። የዘፈን ርእስ እንኳ ቲሸርት ላይ ሲወጣ አራተኛ ንብረት ይሆናል ማለት ነው።

ኬ.ኬ. ዳውኒንግን ሳላነሣ ብቀር ወቀሳ ይመጣብኛል። የበርሚንግሃሙ "ጁዳስ ፕሪስት" ጊታሪስት ነበር፣ ከአርባ ዓመት በላይ። በ2011 ወጣ። ሪቺ ፎክነር የሚባል ወጣት ተተካ። በ2018 ሌላው ነባር ጊታሪስት ግሌን ቲፕተን የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ሲነገር፣ ዳውኒንግ የሚጠሩት መስሎት ጠበቀ። የባንዱ ፕሮዲውሰር አንዲ ስኒፕ ጊታር ይዞ ገባ። ከዚያ በ2020 ዳውኒንግ "ኬኬስ ፕሪስት" የሚባል ባንድ አቋቋመ። ስሙን ልብ በሉ። "ጁዳስ" የለም፤ "ፕሪስት" አለ፤ ከፊቱ የራሱ ስም ተለጥፏል። ድምፃዊው ቲም ኦወንስ ነው፤ እሱም ራሱ ከ1996 እስከ 2003 የጁዳስ ፕሪስት ድምፃዊ የነበረ። በ2021 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ፤ አንዱ ዘፈን በ1984 ጁዳስ ፕሪስት ውስጥ የተጀመረን ገጸ ባሕርይ ታሪክ ይቀጥላል። "ያው የድሮው ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው" ያሉ ነበሩ። ሰውዬው የሚጫወተው የራሱን አጨዋወት ነው። ከራሱ ሰረቀ ብሎ መክሰስ ይከብዳል።

በኖቬምበር 2022 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጁዳስ ፕሪስትን አከበረ። ዳውኒንግ ተጠራ። ከፎክነር ጋር፣ ከቲፕተን ጋር፣ ከድምፃዊው ሮብ ሃልፎርድ ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመ። ሦስት ዘፈን አከታትለው ተጫወቱ። በማግስቱ ጁዳስ ፕሪስት ያለ እሱ ሥራውን ቀጠለ። በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ኬኬስ ፕሪስት ሁለተኛ አልበሙን አወጣ።